ሁለት መቶ አሥራ አራት ፈላጊ

ቃል ለቃሚዋ ሰንጠረዡን ወደ ታች እየገፋች የጎብኚዎቹን መለያ ቁጥር ስታይ፣ መጀመሪያ ዓይኗ ያታለላት መሰላት። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ከላይ ጀመረች። የሁለት መቶ አሥራ አራቱም መስመሮች መጨረሻ አንድ ነው፤ ሰባት፣ ሰባት፣ አራት። ሰፈሩ አንድ፣ ስልኩ አንድ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሪፖርቱ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ብላ የጻፈችው አንድ ሰው ኖሯል።

"ወይ ጉዴ!" አለች፣ ድምፅ አውጥታ።

ከጎኗ የተቀመጠው የቢሮው ሥዕል ሠሪ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳ። "ምን ሆንሽ?"

"ምንም። አንተ ሥራህን ሥራ።"

ሥራዋ ሰዎች ሲፈልጉ የሚጽፏቸውን ቃላት መልቀም ነው። ሰው ስልኩ ላይ መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታያለች፣ ታበጥራለች፣ በብዛቱ ትደረድራለች፤ ሱቁም ክሊኒኩም እነዚያን ቃላት ድረ ገጹ ላይ አስገብቶ ገዢ ይጠብቃል። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ የተጻፈው መጠሪያ "የቁልፍ ቃላት ጥናት ባለሙያ" የሚል ነው፤ ቢሮው ግን ቃል ለቃሚዋ ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ተቀይማ ነበር፤ ኋላ ደብዳቤው ላይ ካለው ይልቅ ይኸኛው ልኳ ሆኖ አገኘችው።

በስምንት ዓመት ውስጥ ሰው ለጎረቤቱ የማይተነፍሰውን ለሣጥኑ እንደሚዘረግፍ አይታለች። "ጉልበት ማታ ማታ ለምን ያማል" ይላል። "አማት መጥታ አልሄድ ስትል ምን ይደረጋል" ይላል። "ፀጉር የሚያበቅል እውነተኛ ቅባት" ይላል፤ "እውነተኛ" የምትለዋን ቃል ለመጻፍ የስንት ሐሰተኛ ቅባት ዋጋ እንደተከፈለ እሷ ታውቃለች። ድሮ እንዲህ ያለውን ስታገኝ ትስቅ ነበር፤ አንዳንዴም ሆዷ ይባባ ነበር። አሁን ሽንኩርት ሲከትፍ ውሎ ማልቀስ እንደተወ ሰው ሆናለች። ቃሉን ታያለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ስህተቱ የገባው ያን ሳምንት ነው። ልጇ ትኩሳት ይዟት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቀርቶ፣ በአንድ ቀን የአራት ደንበኛ ዝርዝር ጨርሺ ተብላ ነበር። ሣጥኑ የሚቆጥረው ፍለጋውን እንጂ ፈላጊውን አይደለም፤ ስለዚህ ማንኛውም ለቃሚ ከሁሉ በፊት ያንዱን ሰው ድግግሞሽ ያወጣል። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት። ያን ቀን ግን ረሳችው። ረስታም አላበቃች፤ "ዊልቸር ኪራይ፣ ፈላጊ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ለመከራየት ዝግጁ" ብላ ጻፈችና ገበያ አለው ለማለት አረንጓዴ ቀባችው።

ደንበኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ክራንች፣ ምርኩዝ፣ የበሽተኛ አልጋና ዊልቸር የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ አገር ምድሩ "ሲስተር" ነው የሚላቸው። አረንጓዴውን መስመር አይተው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ትንሿን መኪናቸውን ሸጠው ለኪራይ የሚሆኑ አሥራ ሁለት ዊልቸሮች ከአስመጪው አዘዙ። ዕቃው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ጠዋት የደወሉትም ለዚሁ ነበር፤ "የኔ ልጅ፣ እነዚያ ሰዎች ከየት ከየት ሰፈር እንደሆኑ እይልኝ፤ ማድረሻውን በየት በኩል እንደማደርገው ልወቅ" አሏት። ያን ልታይላቸው ነው ዝርዝሩን የከፈተችው።

አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።

የሲስተር ድረ ገጽ መፈለጊያ ሣጥን የመዘገበውን ጥሬ ዝርዝር፣ እሷ ሳታበጥረው በፊት የነበረውን፣ ከፍታ አነበበች። ያን ቀን ሁሉንም "ዊልቸር ኪራይ" ብላ ጠቅልላው ነበር፤ ትርፍ ቃላት ይጣላሉ፣ ደንቡ ነው። የጣለቻቸው ቃላት እዚያው ተደርድረዋል። "ዊልቸር ኪራይ ለአንድ ቀን"። "ዊልቸር ለእሑድ ብቻ"። "እናቴን ውጭ ለማውጣት ዊልቸር"። ቀኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓርብና ቅዳሜ ናቸው፤ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። አንድ ቅዳሜ "ዊልቸር ለአንድ ቀን ኪራይ እባካችሁ" ብሎ ጽፎ ያንኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተጭኖታል። ለማሽን እባክህ ይባላል እንዴ?

ተነስታ የአለቃዋን በር አንኳኳች።

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። የአራት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ የሚያስብ፣ ፀጉሩን በሦስት ዓመት ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። ባለፈው ወር ሁለት ደንበኞች "አሁን እኮ ቃሉን ማሽኑ ራሱ በሁለት ደቂቃ ያወጣልናል" ብለው ሄደውበታል። ነገሩን ቆማ ነገረችው። እሱ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ለማን ተናገርሽ?"

"ለማንም። መጀመሪያ ላንተ።"

"ጥሩ። ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም።

"ስሚኝ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኛ ዊልቸር ግዢ አላልናትም። ፈላጊ አለ ነው ያልነው። ደግሞም አለ።"

"አንድ!"

"አንድም ፈላጊ ነው። ዕቃውም ቢሆን የሚበላሽ አይደለም፤ ባይከራይ ይሸጣል።"

"በዓመት ስንት ዊልቸር እንደሚሸጡ ታውቃለህ? አምስት። መኪናቸውን ሸጠዋል እኮ።"

አለቃው ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን አሸ። "የሚቀጥለው ወር ሪፖርት ላይ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ቁጥሩ ቀነሰ እንላለን። ገበያ ይቀንስ የለ? ዛሬ ብትነግሪያት ግን ውሉን ታፈርሳለች። ሲስተር ከሄደች ያንቺን ደመወዝ የማወጣበት የለኝም። ማስፈራራቴ አይደለም፣ ሒሳቡን ነው የምነግርሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ሂጂና ምሳሽን ብዪ።"

ወደ ደረጃው ወጥታ ለባሏ ደወለች። ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ በዚህ ሰዓት አዲስ ሕንፃ ላይ ሽቦ ይዘረጋል።

"ቶሎ በይ፣ መሰላል ላይ ነኝ" አላት።

"ሥራዬን ላጣ ነው መሰለኝ።"

"ልውረድ እንዴ?"

"ውረድ።"

የመሰላሉ ብረት ሲንቋቋ፣ እሱም ሲያለከልክ ሰማች። ሁሉንም ነገረችው። ሳያቋርጣት አዳመጠ፤ ያ ልማዱ ስላልሆነ ይበልጥ አስጨነቃት።

"እንግዲህ እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው" አለ በመጨረሻ።

"የመሸበት ማደር የሚሉት የቤት ኪራይ የሌለባቸው ናቸው።"

"እሱስ ልክ ነሽ። እኔ ይሄን ሕንፃ እስክጨርስ ሁለት ወር ሥራ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድዬ ያውቃል።"

"ሁለት ወር ምን አላት?"

"ምንም የላት። እና ለምን ደወልሽልኝ? አትንገሪያቸው እንድልሽ ነው?"

ለዚያ ነበር የደወለችው። አንድ ሰው አትንገሪያቸው ቢላትና ኃጢአቱን ቢካፈላት ብላ ነበር።

"ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

"አልልሽም። ብትተዪው ግን አልቀየምሽም፤ እኔም ኪራይ የምከፍል ሰው ነኝ" አለና ሳቀ። ሳቁ የደከመ ሰው ሳቅ ነበር። "በይ ልወጣ ነው፣ ፎርማኑ እያየኝ ነው።"

ስልኩን ዘግታ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠች። በስልክ መንገር ይቀል ነበር። በስልክ ከነገረቻቸው ግን ፊታቸውን ሳታይ ልታመልጥ መሆኑ ገባት። እንኳን እሳቸውን፣ በዚህ ስምንት ዓመት አንድም ደንበኛ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ሁሉም ለሷ ድምፅና ሰንጠረዥ ናቸው። ቦርሳዋን አነሳችና ወረደች።

ሱቁ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በመንገዷ ሁሉ ንግግሯን ስታዘጋጅ፣ ስታፈርስ፣ መልሳ ስታዘጋጅ ደረሰች። በሩ ላይ አንድ ጽሑፍ ጻፊ መስታወቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም "የዊልቸር ኪራይ ጀም" ድረስ ጽፎ "ረናል"ን ለመጨመር ብሩሹን እየነከረ ነው።

"ወንድሜ፣ ትንሽ ቆይ" አለችው።

"ማን ነሽ አንቺ?"

"ቆይ ብቻ።"

ውስጥ ሲስተር ጎንበስ ብለው ወለሉን በሜትር ይለካሉ። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ሽሩባቸውን በላስቲክ ያሰሩ ሴት ናቸው። አልጋዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተው ለአሥራ ሁለት ዊልቸር የሚሆን ባዶ ቦታ አውጥተዋል። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ፊታቸው በራ።

"በመጨረሻ! በድምፅሽ ልጅ እግር መስለሽኝ ነበር። ነይ ግቢ። ሰፈሮቹን ይዘሽልኝ መጣሽ?"

"ሰፈሩ አንድ ነው ሲስተር።"

"አንድ? ይሄማ ለማድረሻ ይቀላል።"

"ሰውየውም አንድ ነው።" የተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ይኸው ብቻ ወጣ። "ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ብዬ የላክሁልዎት አንድ ሰው ነው። ደጋግሞ የፈለገ አንድ ሰው። ማጣራት ነበረብኝ፣ አላጣራሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቢሮው አይደለም።"

ሲስተር ሜትሩን ለቀቁት፤ ጥቅልሉ እየጮኸ ተሰበሰበ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ድምፃቸው ሲለሳለስ፣ ሲለምን፣ ከዚያ ሲቆጣ ይሰማታል። ቃል ለቃሚዋ ከማሳያው ዊልቸር አጠገብ ቆማ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋባት።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ደም የለውም።

"መኪናው ገና ሲጭን ነው ያገኘኋቸው። ቀሩ። ቀብዱን ግን አንመልስም አሉኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት መርፌ ወግቻለሁ" አሉ ሲስተር። "አንድ ቀን መድኃኒት ተሳስቼ ልወጋ ስል ካርዱ ላይ የበሽተኛውን ስም ሁለተኛ አንብቤ ነው የተረፍኩት። ሁለተኛ ይነበባል፣ የኔ ልጅ። ሁልጊዜ።"

"አዎ።"

"ደክሞሽ ነበር?"

"ደክሞኝ ነበር።"

"ለማን ያልደከመው አለ" አሉና በሽተኛ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቁጣቸው እዚያው እንዳለ ነው፤ የሚወረውሩበት ቦታ ግን ያጡ ይመስላሉ። "ለአለቃሽ ነገ ደውዬ ውሉን አቆማለሁ። ከእንግዲህ ቁጥር አልገዛም። በስልክ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን እንደምልሽ እግዜር ያውቃል።"

ራሷን ነቀነቀች። ይህን ስትጠብቅ ስለነበር አላስደነገጣትም።

ጽሑፍ ጻፊው አንገቱን በበሩ አስገባ። "እትዬ፣ ልጨርሰው ወይስ ላጥፋው? ቀለሙ እየደረቀ ነው።"

"ቆይ ተብለሃል፣ ቆይ!" አሉት። ከዚያ ወደሷ ዞሩ። "ይሄ ሰው ግን ማን ነው?"

"ስም የለውም። ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አላውቅም። እናቱን እሑድ እሑድ ውጭ ሊያወጣ የሚፈልግ ሰው ነው። ለአንድ ቀን ብቻ።"

"ታዲያ ስልካችን ገጹ ላይ ተጽፎ የለም? አይደውልም?"

"አንዳንድ ሰው የለም መባልን ይፈራል። ከሰው አፍ ከሚሰማው ሣጥን ውስጥ መጻፍ ይቀለዋል።"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ?"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ።"

"እኛስ ምን እያልን መለስንለት?"

ቃል ለቃሚዋ ለመናገር አፈረች። "'ምንም ውጤት አልተገኘም'።"

"በየሳምንቱ?"

"በየሳምንቱ።"

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ለመሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደችና መለስ አለች። የሚያናግራት ድፍረት ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ምናልባት የምታጣው ነገር ስላለቀ ይሆናል። "ይሄ ማሳያው ዊልቸር ይሸጣል?"

"ጎማው አርጅቷል። ማን ይገዛዋል።"

"ይከራያል?"

ሲስተር ቀና ብለው አዩዋት። "ለአንድ ሰው?"

"ለአንድ ሰው።"

"አንቺ ልጅ፣ አሁን ያከሰርሽኝ አልበቃ ብሎሽ ነው?" አሉ፤ ግን ተነስተው የዊልቸሩን መደገፊያ ያዙና ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረጉት። አንደኛው ጎማ ሲጥ ሲጥ አለ። "ዘይት ቢጠጣ ይሄዳል። እሑድ አልከፍትም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይውሰድ፣ ሰኞ ጠዋት ይመልስ። መታወቂያ ያስይዝ። ሌላ መያዣ አልፈልግም።"

"እጽፈዋለሁ።"

"በነፃ አላልኩም ታዲያ።"

"በነፃ ብዬ አልጽፍም።"

ስትወጣ ሲስተር ለጽሑፍ ጻፊው "ጨርሰው፣ ምን ታደርገዋለህ" ሲሉ ሰማች።

ቢሮ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሥዕል ሠሪው ቀና ብሎ አላያትም፤ ነገሩን ሰምቷል ማለት ነው። አለቃዋ ከመስታወቱ ጀርባ ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የሲስተርን ድረ ገጽ ከፈተችና አዲስ ገጽ ጀመረች።

የቃል መመዘኛው መሣሪያ፣ አሁን ድግግሞሹ ወጥቶለት፣ እንደ ልማዱ በስተቀኝ ብቅ አለ። "የፈላጊ ብዛት፦ አንድ። ገጽ ባይዘጋጅለት ይመከራል" አላት። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ምክር ስንቴ ሰምታ ስንት ቃል ጥላለች። ዘጋችው።

ጽሑፉ አጭር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚወሰድ፣ ሰኞ ጠዋት እንደሚመለስ፣ መታወቂያ እንደሚያዝ፣ ስልኩ ይኸው መሆኑን ጻፈች። ፍለጋው ከዚህ ገጽ ጋር እንዲገናኝም የተጣሉትን ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ አስገባች፤ "ለእሑድ ብቻ"፣ "እናቴን ውጭ ለማውጣት"፣ "እባካችሁ"ም ሳይቀር።

አለቃዋ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ብዙ ሰዓት የተቆጣ ሰው ድካም ይታይበታል።

"ሄደሽ ነገርሻት።"

"ነገርኳቸው።"

"እና?"

"ነገ ይደውሉልሃል። ውሉን ያቆማሉ።"

ትንፋሹን ለቀቀ። ሊጮህ መስሏት ነበር፤ ግን አጠገቡ የነበረውን ወንበር ሳበና ተቀመጠበት። "እስከ ወር መጨረሻ ነው እንግዲህ። ከዚያ በላይ ልይዝሽ አልችልም። ተረድተሽኛል?"

"ተረድቼሃለሁ።"

"ይሄ ምንድን ነው የምትሠሪው?"

"የኪራይ ገጽ።"

"ለስንት ሰው?"

"ለአንድ።"

አለቃው ማያ ገጹን ረጅም ጊዜ አየው። የሷን ያህል ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ኖሯል፤ አንድ ሰው ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ባዶ ማለት ነው።

"በሄደች ደንበኛ ሰዓት" አለ።

"ገና ነገ ነው የሚሄዱት።"

አልከለከላትም። ርእሱ ነው የቀራት። እጇ በልማድ "ዊልቸር ኪራይ በተመጣጣኝ ዋጋ" ብሎ ጻፈ። አጠፋችው። ሰውየው፣ ወይም ሴትየዋ፣ ዓርብ ማታ ስልኩን ይዞ ሲጽፍ፣ መልሱ ሲመጣለት፣ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ምን እንደሆነ አሰበች። ከዚያ ጻፈች፦ "አዎ፣ እናትዎን እሑድ ለማውጣት ለአንድ ቀንም ዊልቸር እናከራያለን።"

መሣሪያው እንደገና ብቅ ብሎ የመጀመሪያዋን ቃል በቀይ አሰመረባት። "'አዎ' የሚለውን ቃል የሚፈልግ የለም። ከርእሱ ቢወጣ ይመከራል።"

"ልክ ነው፣ አውጪው" አለ አለቃዋ፣ እሱም በልማድ። "ርእስ ላይ ቦታ ይፈጃል።"

ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አነሳችና ቃሉን እንዳለ ትታ ገጹን ድረ ገጹ ላይ ለቀቀችው።